ቱቦውን ቅበር፣ ሰውን አውጣ

ልጄ፣

አባቶች «ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና» ይላሉ። ምክሩ ለተንኮለኛ የተነገረ ነው። ወደ እኛ ሙያ ሲመጣ ግን በሁለት በኩል ይገለበጣል። አንደኛ፣ ማራቅ ግዴታችን ነው። ፍሳሽ የሚሄደው ቁልቁለት ሲያገኝ ብቻ ስለሆነ፣ ሥዕሉ አራት ሜትር ካለ አራት ሜትር እንወርዳለን። ሁለተኛ፣ ማን እንደሚገባበት ጠንቅቀን እናውቃለን። ጠዋት በስሙ ጠርተን፣ አካፋ አስይዘን «ግባ» የምንለው እኛው ነን። ከሰኞ ጀምሮ 14 ሰው ይዘህ የፍሳሽ መስመር ልታስቆፍር መሆኑን ስሰማ ደስም አለኝ፣ እንቅልፍም ነሳኝ። ደስታዬን በስልክ ነግሬሃለሁ። እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ደግሞ ልጻፍልህ።

እኔ አፈር በባሬላ ከማመላለስ ተነሥቼ ቱቦ ገጣሚ፣ ከዚያ ጋንግ ቺፍ፣ በመጨረሻም ፎርማን ሆኜ 31 ዓመት አዲስ አበባን ከሥሯ ቆፍሬያለሁ። አንተ እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ከዩኒቨርሲቲ ይዘህ መጥተሃል፤ የውሃውን ፍጥነት ታሰላለህ፣ የአፈር ምርመራ ውጤት ታነባለህ፣ ሥዕሉን በኮምፒውተር ትሠራለህ። እኔ የምነግርህ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

መጀመሪያ የምትቆምበትን ቦታ ምረጥ። አዲስ አለቃ ዓይኑ ቱቦው ላይ ነው። ቱቦው ተቀመጠ? ልኩን ያዘ? ስንት ሜትር ሄድን? ሥራው ይኼ ይመስለዋል። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ስለሚሠራ የሚያየው የአካፋውን ጫፍ ብቻ ነው። ከጀርባው ግድግዳው ሲሰነጠቅ አያይም። አፋፉ ላይ ቀጭን ጭረት ስትዘረጋ አያይም። ዓይኑን ላንተ አውሶህ ነው የወረደው። ስለዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሰው እስካለ ድረስ አፋፉ ላይ የሚጠብቅ ዓይን መኖር አለበት። ስልክ ቢጠራህ፣ አማካሪው ቢፈልግህ፣ ሲሚንቶ ቢመጣብህ፣ ከመሄድህ በፊት አንዱን በስሙ ጠርተህ «እስክመለስ ጠባቂው አንተ ነህ» በለው። ያ ሰው አካፋ አይዝም፣ ስልክም አይነካም። «ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው እንዴ የምንከፍለው?» የሚል ሒሳብ ሠራተኛ መምጣቱ አይቀርም። አዎ፣ ቆሞ እንዲያይ ነው የምትከፍሉት በለው።

ቀጥሎ አፈሩን ተዋወቀው። ከእንጦጦ ግርጌ ስትቆፍር የሚገጥምህ ቀይ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ያለፋሃል እንጂ ብዙም አያታልልህም። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አቃቂ፣ ወደ ቦሌ ዳርቻ ስትወርድ ግን ያ ጥቁር አፈር፣ ኮትቻው ይጠብቅሃል። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ስትቆፍረው እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆምልሃል፤ ማታለያውም እዚሁ ላይ ነው። ውስጡ እንደ ተወለወለ ሳሙና የሚያንሸራትት ገጽ አለው። ለሁለት ቀን ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ በሦስተኛው ቀን በዚያ ገጽ ላይ ተንሸራቶ እንደ በር ተነቅሎ ይመጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተሃል፤ ኮትቻም እንደዚያው እያሳሳቀ ነው።

ከኮትቻ የከፋም አለ፤ አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የተመለሰ መሬት። ከተማ ውስጥ ያልተነካ አፈር እየጠፋ ነው። ከምትቆፍርበት አጠገብ ትናንት የውሃ መስመር፣ ከትናንት ወዲያ የስልክ መስመር ተቀብሯል። ያ የተመለሰ አፈር ከጎኑ ካለው ጋር አልተጋባም። ግድግዳህ ላይ ቀለሙ የተለየ፣ ላስቲክና የጡብ ስባሪ የተቀላቀለበት ሰንበር ካየህ ያን ቀን ሥራህን አዘግይ።

ክብደቱንም አትርሳ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር 1,800 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጉድጓድ ሲናድ ደግሞ በአንድ ሜትር ኩብ ብቻ አይቆምም። እስከ ደረቱ የተቀበረን ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ስለሆነ «ተረፈ» ልትል ትችላለህ። ገና አልተረፈም። አየር ባስወጣ ቁጥር ደረቱ ይጠባል፣ አፈሩም የተለቀቀችውን ክፍተት ይሞላል። ቀጥሎ መሳብ ሲፈልግ ደረቱን የሚነፋበት ቦታ ያጣል። እያየኸው፣ እያናገርከው ትንፋሹ ያልቃል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ታሪኩን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈልግም፤ ስለዚህ እኔው ልንገርህ። ሐምሌ ነበር፣ በከተማው ደቡብ ጫፍ፣ ጥቁር አፈር ላይ። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ተኩል። በማግስቱ ጉብኝት አለ ተብሎ 20 ሜትር ቱቦ በዚያ ቀን ቀብረን እንድናድር ታዘዝን። ለግድግዳው መደገፊያ ጣውላና አጣና ነበረን። ግን መደገፍ ሰዓት ይበላል፤ ግድግዳውም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። «ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ከወላይታ የመጣ፣ ሥራ ከጀመረ ወር ያልሞላው ወጣት ከታች ሆኖ ቀና አለና «ጋሼ፣ መሬቱ ያወራል» አለኝ። ከግድግዳው ትንንሽ ጓል ጠብ ጠብ እያለ ትከሻው ላይ ይወድቅ ነበር። እኔም «ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ የመሬት ቋንቋ የተማርከው?» አልኩት። ሁሉም ሳቀ። እሱም አፍሮ ጎንበስ አለ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል፤ የተሰማው ከባድ ጆንያ መሬት ላይ ሲጣል ያለው ዓይነት ድፍን ድምፅ ነበር። ልጁ እስከ ብብቱ ተቀበረ። እኔ ኤክስካቫተሩ ይምጣ እያልኩ ጮህኩ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ክንዴን ያዙና «ባልዲው ልጁን ይቆርጠዋል፣ በእጅ ነው» አሉኝ። ተቃራኒውን ግድግዳ በጣውላ ደገፍን፣ ከዚያም በእጅና በሳህን ከደረቱ ላይ ጀምረን አፈሩን ጠረግን። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጣ። ተርፏል፤ ዳሌው ግን ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ ጉድጓድ አልወረደም፤ ደህና አድርጎም አልተራመደም። ድርጅቱ ባዘጋጀው ሪፖርት ላይ ምክንያቱ «የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

ፊርማዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የበለጠ ያስተማረኝ ግን በኋላ የሰማሁት ነው። ጓሉ ሲወድቅ ያዩት ሌሎች አራት ሰዎች ነበሩ። አንዱ እንዲያውም አፋፉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አይቶ ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ ስጠይቃቸው የመለሰልኝ አንድ ብቻ ነው፤ «እሱ ሲናገር የሆነውን አየን» አለኝ። መሬቱ ከመናዱ በፊት እኔ ምላሳቸውን ቀብሬው ነበር።

ልጄ፣ ቡድን መምራት ማለት ይኼ ነው። ቱቦ መግጠምን ማንም ይለምዳል። የቀን ሠራተኛ ቀና ብሎ «አለቃ፣ ፈራሁ» የሚልህ ከሆነ ግን መሪ ሆነሃል። እንዲልህ ከፈለግህ የመጀመሪያውን ሳምንት በደንብ ተጠቀምበት። አንድ ቃል ምረጥ፤ «ውጣ!» ይበቃል። ሰዎችህ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከአርሲ የመጡ ናቸው፤ አማርኛው ለሁሉም እኩል አይደለም። ቃሏን አንድ በአንድ አስደግማቸው። ማንም ይጩኻት፣ ውሃ አቀባዩም ቢሆን፣ ሁሉም አካፋውን እዚያው ጥሎ በመሰላሉ ይወጣል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ከወጣ በኋላ ይጠይቅ። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ይጮሃል፣ ሁሉም ይወጣል፣ ምንም አይናድም። የአንተ ፈተና ያች ሰዓት ናት። ፊትህን ብታኮሳትር፣ ሰዓትህን ብታይ፣ በቀልድ እንኳ ብትነካው አበቃ፤ ሁለተኛ የሚጮህ የለም። በሰው ፊት አመስግነው። «በከንቱ ወጣን» የሚል ቃል ሳይትህ ላይ አይሰማ።

አሁን ወደ ጣውላው እንሂድ። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የጠለቀ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ያለ መከላከያ አይገባም። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ መሬቱ ድፍን አለት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያዛል፤ የአቃቂ አፈር ከአሜሪካ አፈር የሚቀል እንዳይመስልህ። ያም ቢሆን ከዚያ ያነሰውም ከተጠራጠርከው ይደገፍ። መከላከያው ሦስት ዓይነት ነው። ቦታ ካለህ ግድግዳውን ወደ ውጭ አስተኝተህ ወይም በደረጃ ቁረጠው። ቦታ ከሌለህ፣ መንገድ ዳር ከሆንክ፣ በጣውላና በአግዳሚ እንጨት ወጥረው። ድርጅትህ አቅም ካለው ደግሞ የብረት ሳጥን አውርድና ሰው ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ይሥራ። ከሳጥኑ ውጭ ያለ እግር ግን አልተጠበቀም፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል።

በአጣና የምትወጥር ከሆነ ያልተሰነጠቀና ያልነቀዘ ምረጥ፤ ርዝመቱን በዓይንህ ሳይሆን በሜትር ለካ። የመጀመሪያው አግዳሚ ከላይ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ታች ትወርዳለህ። ስትነቅል ደግሞ ከታች ጀምረህ፣ አፈሩን እየመለስክ ነው። የሚደግፈው ሰው ራሱ ያልተደገፈ ቦታ ላይ ቆሞ እንዳይደግፍ። አግዳሚውን እንደ መሰላል የሚረግጥ ካየህ አስወርደው። መሰላል ራሱን ችሎ ይኑር፤ የትኛውም ሠራተኛ ወደ መሰላል ለመድረስ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ መሄድ የለበትም። የወጣው አፈር ከአፋፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ እኔ አንድ ሜትር ነው የማስርቀው። አፋፍ ላይ የተቆለለ አፈር ግድግዳውን የሚገፋ ጭነት ነው። ሲኖትራኩም እንዲሁ፤ ሾፌሩ ሊገለብጥ ሲጠጋ ከታች ያለው ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። መኪናው የሚቆምበት ላይ ድንጋይ ደርድርና «ከዚህ ወዲህ የለም» በለው።

ጠዋት ጠዋት ማንም ከመውረዱ በፊት ዳር እስከ ዳር አንተ ራስህ ሂድበት። ዝናብ ከዘነበ እንደገና ሂድ። ክረምት ላይ ቀትር የዘነበ ዝናብ የጠዋቱን ፍተሻህን ሰርዞታል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካደረ በፓምፕ ሳታወጣና ግድግዳውን ሳታይ ሰው አታስገባ።

ሕግም ከጎንህ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅና መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የሚጥለው አሠሪው ላይ ነው። አለቆችህ «ጫማና ቆብ በጀት የለውም» ካሉህ አዋጁን ጥቀስላቸው። እየተቆጣህ አይሁን፤ በጽሑፍ ይሁን።

ከመሬት በታች የተቀበሩ መስመሮችን በአጭሩ ልንገርህና ልለፍ። ካርታ ይሰጡሃል፤ ካርታው ውሸት ባይናገርም ያረጃል። የውሃ ቱቦ፣ የመብራት ገመድ፣ የቴሌ ፋይበር አለ የተባለበት አካባቢ ኤክስካቫተሩ ከመጠጋቱ በፊት በዶማ ቀስ ብለህ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍር። የሰፈሩን ሽማግሌዎችና የሱቅ ባለቤቶችን ጠይቅ፤ ባለፈው ጊዜ የት እንደተቆፈረ ከካርታው የተሻለ ያስታውሳሉ።

አሁን ደግሞ ከአፈር ይልቅ የምፈራውን ልንገርህ። አዲሱን መስመርህን ከአሮጌው ጋር የምታገናኝበት ቀን ይመጣል። የአሮጌውን ማንሆል ክዳን ታነሣለህ። የሚሸትህ እንደበሰበሰ እንቁላል ከሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ክፋቱ ሲበዛ መሽተቱን ማቆሙ ነው፤ ሽታው የጠፋው አፍንጫህን አደንዝዞት እንጂ ሄዶ አይደለም። ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ከላይና ከታች ያሉትን ሁለት ማንሆሎችም ክፈት፣ አየር ይግባ፣ በጋዝ መለኪያ እስከ ታች ለካ። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ ካነሰ ማንም አይገባም። የሚገባው በገመድ ይታሰር፣ የገመዱ ጫፍ ከላይ ባሉ ሁለት ሰዎች እጅ ይሁን። መለኪያ ከሌለ ሥራው የለም።

ከታች አንዱ ከወደቀ ሁለተኛ ሰው ተከትሎት አይወርድም። ይህን ማዘዝ ልብ ይሰብራል። የእኛ ሰው ወገኑ ሲወድቅ መቆም አይችልበትም፤ ወግ ነው፣ ደግነት ነው። የገደለን ግን ይኸው ደግነታችን ነው። ሐምሌ 2016 ላይ በጎፋ ዞን የሆነውን አስታውስ። መሬት ተንሸራትቶ ሰዎች ተቀበሩ። ጎረቤት በእጁም በዶማም ሊያወጣቸው ሮጠ፤ መሬቱ ዳግመኛ ተንሸራትቶ የሚያወጡትን ደረበባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የመጡ ነበሩ። የተናደ አፈር ሥራውን አልጨረሰም፤ ጋዝ ያለበት ማንሆልም አንድ ሰው ወስዶ አይጠግብም። ለዚህ ነው ገመዱን ቀድመህ የምታስረው። ገመድ ካለ ሳትወርድ ታወጣዋለህ።

ስለ ሰው ብዙ ተናገርኩ፤ ቱቦውም ድርሻ አለው። ሥራችን ተቀብሮ የሚቀር ነው። የግንበኛን ጠማማ ግድግዳ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። የአንተን ጠማማ ቱቦ የሚያየው ከሦስት ዓመት በኋላ ሽንት ቤቷ ወደ ቤት የሚመለስባት እናት ናት። ማን እንደሠራውም አታውቅም። ስለዚህ ከመድፈንህ በፊት ሕሊናህ ተቆጣጣሪ ይሁን።

ከታችኛው ጫፍ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ፤ የቱቦው ሰፊ አፍ ወደ ላይኛው በኩል ይዙር። ቁልቁለቱ በሜትር 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ50 ሜትር ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሸፈጥክ መሐል ላይ ሆድ ይሠራል፣ እዚያ ቆሻሻ ይተኛል፣ ከዚያ መስመሩ ይዘጋል። ሲባጎህን በየማለዳው እንደገና ወጥር፤ ሌሊት ሰውም ውሻም ችካሉን ነቅሎት ይሆናል። ከቱቦው ሥር ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይነጠፍ፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቱቦ አንድ ቀን በዚያች ድንጋይ ላይ ይሰበራል። ጎንና ጎኑን በእጅ ጠቅጥቅ። ከላዩ 30 ሳንቲ ሜትር እስኪሸፈን ከባድ ኮምፓክተር አታስጠጋ። ከዚያ በ20 በ25 ሳንቲ ሜትር ንብር እየጠቀጠቅህ ሙላ። አንድ ሜትር አፈር ባንዴ ገፍቶ ከላይ ብቻ መርገጥ የተለመደ ማጭበርበር ነው፤ አስፋልቱ ሲሰምጥ መንገደኛው የሚረግመው አንተን ነው። ከመድፈንህ በፊት መስመሩን በውሃ ሞልተህ ቆይ፤ ውሃው ከጎደለ የሚያፈሰውን መጋጠሚያ ፈልግ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

የኮንክሪት ቱቦ ስታወርድ ደግሞ ከሥሩ ሰው አይኑር። ውስጠ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንድ ሜትር ቱቦ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ለኦፕሬተሩ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አምስት እጅ ሲውለበለብ ኦፕሬተሩ የራሱን ይመርጣል።

ሰዎችህን በስማቸው ጥራ። «አንተ ልጅ»፣ «አንቺ ባሬላ» እየተባለ የሚውል ሰው ነገ አደጋ ሲያይ ላንተ አይነግርህም። ሴቶቹን አትርሳ፤ ጠጠርና አሸዋ የሚያመላልሱት በብዛት እነሱ ናቸው። መጸዳጃ ቤት ሳይዘጋጅ ሥራ አይጀመር። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ፊቱን አይተህ እወቀው፤ ዳቦና ሻይ ከዲስኩር ይበልጣል። በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታ፣ በረመዳን ከባዱንና ጥልቁን ሥራ ጠዋት ጨርስ፤ ከሰዓት በኋላ ላይኛውን ሥራ ስጥ። ክፍያቸው ከዘገየ አለቆችህን ጠይቅላቸው፤ አንተ ካልጠየቅህ ማንም አይጠይቅም። በቁርጥ ከሰጠሃቸው ደግሞ መደገፉንም በቁርጡ ውስጥ አስገባው። በሜትር ቁፋሮ ብቻ የሚከፈለው ሰው ጣውላ የሚያቆምበትን ሰዓት ከልጆቹ እንጀራ እንደተቀነሰበት ይቆጥረዋል፤ አይፈረድበትም።

በመጨረሻ «ነገ ጉብኝት አለ» የሚለው ስልክ ይመጣብሃል። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ሌሊትም እንደሚሠራ አንተም ታውቃለህ። በባዶው እምቢ አትበል፤ ሌላ መንገድ ስጣቸው። «20 ሜትር አልችልም፤ 8 ሜትር ግን ደግፌ፣ ፈትሼ፣ ደፍኜ አሳድራለሁ» በላቸው። ቁጥር ያለው መልስ ይሰማል። ካልተሰማ በሳይቱ መዝገብ ላይ ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ ትእዛዙንና የሰጠኸውን መልስ ጻፍ። የዚያን ሐምሌ ቀን መዝገቡ ላይ የጻፍኩት «20 ሜትር» ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀርቻለሁ። ልጁ የተቀበረ ዕለት አንዱ ጮክ ብሎ «ከታች ስንት ነበራችሁ?» አለ። አንዱ አምስት አለ፣ ሌላው ስድስት። አለቃው እኔ ነኝ፣ አላውቅም። ልጁን ካወጣን በኋላ ስድስተኛውን ፍለጋ ለግማሽ ሰዓት ያህል አፈሩን በጥፍራችን ጫርን። ስድስተኛው ዳቦ ይዞ ከሱቅ ሲመጣ አፋፉ ላይ አገኘነው፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንጠፊያው ጠጠር በሠራተኞቼ ቁጥር ልክ እየቆጠርኩ በግራ ኪሴ እይዛለሁ። አንድ ሰው ሲወርድ አንድ ጠጠር ወደ ቀኝ ኪሴ ትሄዳለች። ሲወጣ ወደ ግራ ትመለሳለች። የሚስቁብኝ ነበሩ፤ «ጋሼ ገበጣ ይጫወታሉ» ይሉኝ ነበር። ይሳቁ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት «ከታች ስንት አሉ?» ስባል አፌ ከመመለሱ በፊት ጣቴ ያውቅ ነበር።

ከደብዳቤው ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ 14 ጠጠር ልኬልሃለሁ። ማታ ከሳይት ከመውጣትህ በፊት ቀኝ ኪስህን ዳስስ። አንዲት እንኳ ከቀረች ወደ ቤትህ አትሂድ።